የፎርኖው ምረቃ

የወጣቶች ዳቦ ቤት የጋዝ ፎርኖ በር ቅዳሜ ጧት በሦስት ሰዓት፣ የክብር እንግዶች በተገኙበት በይፋ እንደሚከፈት በመላው ሰቆጣ በድምፅ ማጉያ ታወጀ። በሩማ ሳምንቱን ሙሉ ሲከፈትና ሲዘጋ ነው የሰነበተው።

ጋጋሪው ፋንታሁን ግን አዋጁን ሲሰማ ሰጋ። የቅዳሜው ዳቦ ካማረ ፎርኖው በእጁ ይቀራል፤ ካላማረ የዳቦ ቤቱ ኮሚቴ ከወልድያ ሌላ ጋጋሪ ሊያስመጣ ነው።

ሊቀ መንበሩን ጋሽ ሸጋውን ለብቻ ይዞ፣ ዳቦው ሳይበስል በሩ እንዳይከፈት ለመናቸው። «ዳቦውን የሚያበስለው ነበልባሉ ብቻ አይምሰልዎ። ነበልባሉ ጡቡን ያግለዋል፤ የጋለው ጡብ ደግሞ እንደ ፀሐይ ሳይነካ ያበስላል። በሩ ከተከፈተ ግለቱ ዳቦውን ትቶ ወደ ደጅ ይወጣል።»

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ሸጋው። ካወቁ ግማሽ ደቂቃ ሆኗቸው ነበር።

ቅዳሜ ድፎው ገባ፣ በሩ ተዘጋ። ጋሽ ሸጋው ስለ ጡቡና ስለ ፀሐይ ለእንግዶቹ አስረዱ። ከዚያ ቄስ ገብረ ሊባኖስ ሊመርቁ ተነሡ።

«ክፈተው እንጂ ልጄ።»

«አባ፣ ድፎው ገና ነው። እንደተዘጋ ቢመርቁትስ?»

«ምርቃት በተዘጋ በር ይገባል?»

ሰው ሁሉ ጋሽ ሸጋውን አየ። እሳቸው ፀሐዩን ረስተው «ክፈት» አሉ።

ጊዜው ጥር ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የጡቡ ግለት ፊት ፊታቸውን ሲላቸው ምርቃቱ ጣፈጠ። «አሜን» ያለ ሁሉ አንድ እርምጃ ይጠጋል። ቄሱ ሲጨርሱ ከኋላ የቆሙት ሽማግሌዎች «እኛስ?» ብለው ወደ ፊት መጡ። ወይዘሮ ለተጊዮርጊስማ ጉልበታቸውን ወደ በሩ አዙረው ዝናቡን፣ ገብሱን፣ ዐረብ አገር ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ መረቁ።

«ያሳጥሩልኝ እማማ» አለ ፋንታሁን በጆሯቸው።

«ግራው ገና አልሞቀም።»

በመጨረሻ ድፎው ላይ ላዩን ወዝ ይዞ ወጣ። ጋሽ ሸጋው ቆርሰው አደሉ። ሁሉም ረጅም ጊዜ አላመጠ።

«ወልድያም እንዲህ ያለ የለ» አሉ ጋሽ ሸጋው።

«ጥርስ አያስቸግርም» አሉ ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ።

«በረከት አለው፤ ቶሎ አያልቅም» አሉ ቄሱ፣ አሁንም እያላመጡ።

ፋንታሁን እጅ ነሣ። ጋሽ ሸጋው ለመድገም ብለው ድፎው ላይ የሰኩትን ቢላ ሳብ ቢያደርጉት፣ የቀረው ድፎ እንዳለ አብሮ ተነሣ። ያልበሰለው ሊጥ ቢላውን አልለቅ ብሎ በአየር ላይ ተንጠለጠለ።

ወይዘሮ ለተጊዮርጊስ የጎረሱትን በነጠላቸው ጫፍ ተቀበሉት።

«ፋንታሁን፣ መልሰህ ክተተው። በሩን ዝጋ» አሉ ጋሽ ሸጋው።

እንግዶቹ ማንም ሳያዛቸው፣ ቄሱም ጭምር፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።