ስልባቦት

ልብስ ሰፊዋ በልጅነቷ ከምንም በላይ የምትጠላው ስልባቦት ነበር። ትኩስ ወተት ቀዝቀዝ ሲል ከላዩ የሚጋርደው ያ የተጨማደደ ቆዳ ከንፈሯን ሲነካት ሰውነቷን ይሰቀጥጣታል። አባቷ ግን ልመና የሚገባቸው ሰው አልነበሩም። ከራሷ በላይ ቆመው አፍንጫዋን ይይዙና ኩባያውን ጥርሷ ላይ ይገፉታል። ካስመለሳት ያስመለሳትንም መልሰው ያስጠጧታል። ከዚያ ደግሞ «አመሰግናለሁ በይ!» ነው። እናቷ ጥግ ላይ ቆማ ታያለች።

እናትየው ስትሞት ሽማግሌው ብቻቸውን ቀሩና ልጃቸው ዘንድ ገቡ። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚያድረው። ስለዚህ ቤቱ የእሷ፣ የአባቷና ሁሉም «ሚጢጢ» የሚላት የትንሽ ልጇ ነበር። ሽማግሌው ሲበሉ ሰው የሚቀማቸው ይመስል ሳህኑን በክንዳቸው ይከቡታል። የተረፈ ዳቦ ትራሳቸው ሥር ይሸጉጣሉ፤ አልጋቸውን ስታነጥፍ አረንጓዴ ሻጋታ ያበቀለ ቁራሽ እጇ ላይ ይፈረፈርባታል። አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ትጠርገዋለች እንጂ አንድም ቀን ምንም ብላቸው አታውቅም።

«ይቺ ልጅ እኮ አጥንቷ ሊወጣ ነው፤ ወተት ስጪያት እንጂ!» እያሉ ነጋ ጠባ ሲጨቀጭቋት ወተት ትሰጣት ጀመር።

አንድ ቀን ጠዋት ሥራ ረፍዶባታል፤ ሚጢጢ ደግሞ ኩባያውን ይዛ ፈዛ ቀረች።

«እማ፣ በቃኝ።»

«ጠጪ አልኩ!»

«ቆዳ አለው እኮ።»

እንዴት እንደሆነ እሷም አታውቀውም፤ ብቻ የልጅቷን አፍንጫ ይዛ ወተቱን አንቆረቆረችባት። ልጅቷ ትን አላትና ያው ኩባያ ውስጥ አስመለሰች። እናት ኩባያውን እንደገና ወደ አፏ አነሳችው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፍና ዋጠችው፤ አገጯ እየተንጠባጠበ «አመሰግናለሁ እማ» አለች። ይህን ያስተማሯት አያቷ ናቸው።

«ጎሽ!» አሉ ሽማግሌው ከኋላ፣ ደስ ብሏቸው። «አሁን ገና እናት ሆንሽ።»

ሰፊዋ ጣቶቿን አየቻቸው። ንፍጥና ወተት ተለድፎባቸዋል። ወደ ማጠቢያው ሮጣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሁሉ አወጣችው።

የምትሠራው መጋረጃ የሚሰፋበት ቤት ነው። ያን ቀን ነጩ ጨርቅ መርፌው ሥር ሲያልፍ የልጇ ትውከት የሚሸታት ከገዛ እጇ ነበር። እየተነሳች ትታጠባለች፣ ትቀመጣለች፣ ታሸታለች፣ ደግሞ ትነሳለች። አፏ ስለማይዘጋ «ሬዲዮ» የሚሏት የጨርቅ ተኳሽ ባልደረባዋ ካውያዋን አቁማ አየቻት።

«ምነው አንቺ፣ እጅሽን ልትልጪው ነው እንዴ?»

ሁሉንም ነገረቻት። ሬዲዮ ካውያዋን ነቅላ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እና አመሰገነችሽ?» አለች።

«አመሰገነችኝ።»

«ኧረ ይዘገንናል!» አለች ሬዲዮ፤ ለማጽናናት እንኳ አልሞከረችም።

ማታ ሚጢጢ ጓዳ ስትጫወት ሰፊዋ አባቷ ፊት ተቀመጠች። ክንዳቸው ሳህኑን ከቦታል።

«አባባ፣ ያን ነገር ማን አስተማረዎት?»

«የቱን?»

«የወጣውን መልሶ ማስዋጥ።»

ሳቁ። «ያደግኩበት የሕፃናት ማሳደጊያ ውስጥ የነበረችው ሞግዚት ናታ! በማንኪያ እየለቀመች ትመልስልን ነበር። አንዱ እንዲያውም አጠገቤ ታንቆ ሞተ። እኔ ግን ምን ሆንኩ? ይኸው ሰው ሆንኩ!» ሲሉ የሚያላምጡት ዳቦ ከአፋቸው ተፈናጥሮ እጇ ላይ አረፈ።

አጠገባቸው ታንቆ የሞተውን ልጅ አሰበች። አዘነችላቸው፤ ልታቅፋቸውም ፈልጋ ነበር። ግን ያን እርጥብ አፍ ስታየው ማቅለሽለሹ ቀደመና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ከእንግዲህ ልጄ ስትበላ አጠገቧ አይቀመጡም።»

«ልታባርሪኝ ነው?»

«አላባርርዎትም። እጦርዎታለሁ። ልጄን ግን እርስዎም አይነኩብኝም፣ እኔም አልነካትም።»

«አባትሽ እኮ ነኝ!»

«ስለሆኑ ነዋ የምጦርዎት።»

ዳቧቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ክፍላቸው ገቡ። ከዚያ ወዲያ ብቻቸውን ነው የሚበሉት፤ እስካሁንም እንዳኮረፉ ናቸው።

ያኑ ማታ ሰፊዋ ልጅቷን አቅፋ «ጠዋት ያደረግኩት ነውር ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት።

«ነገ ጎበዝ እሆናለሁ፣ ሁሉንም እጠጣለሁ» አለቻት ሚጢጢ እየፈራች።

በአንድ ቀን የሚሽር ነገር አልነበረም። ልጅቷ ለብዙ ጊዜ ስትበላ ዓይኗ ከእናቷ እጅ አይነቀልም ነበር። ቆይቶ አንድ የእረፍት ቀን ምሳ ላይ፣ ግማሽ እንቁላል ሳህኗ ላይ ትታ «በቃኝ» አለች። የእናትየው እጅ ሳታዘው ተነሳ። ጎትታ ጭኗ ሥር ከተተችው።

«በቃሽ?»

«በቃኝ።»

«እሺ፣ ተነሺ።»

ልጅቷ እናቷን እያየች የኋሊት እስከ በሩ ሄደች፤ ከዚያ ሮጠች። ሰፊዋ እፎይ እላለሁ ብላ ነበር፣ አላለችም። ያን የምግብ ትርፍራፊ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ስትደፋው እንደገና አቅለሸለሻት፤ አባቷን፣ ራሷን፣ ስሟን እንኳ የማታውቃትን ያችን ሞግዚት ተጸየፈች። ምራቋን ዋጥ አደረገችና ሳህኑን ማጠብ ጀመረች።