ፍሬን ያለው ወንበር

የአባቷን ግራ ጉንጭ እየላጨች ነበር። ስትሮክ የመታው ይህ ጎኑ አይታዘዝም፤ ስለዚህ ምላጩን ከማሳረፏ በፊት ቆዳውን በአውራ ጣቷ ወጠር ታደርገዋለች። የሕፃናት ክፍል ነርስ ናት፤ እጇ ለእንዲህ ያለው ሥራ አይታማም። ልቧ ግን ሌላ ቦታ ነበር። የማስተርስ ትምህርቷን በኦንላይን ትማር ወይስ በአካል፣ ዛሬ ማሳወቅ አለባት። በአካል ማለት ሁለት ዓመት ሌላ ከተማ መኖር ነው። ኦንላይኑ ደግሞ እዚሁ፣ አባቷ አጠገብ።

«ኦንላይኑ ይሻላል አባዬ» አለች፣ ነገሩን ቀለል አድርጋ። «ዲግሪው እንደሆነ ያው ነው። አንተ ስትተኛ አነባለሁ።»

እውነቱን ለመናገር አይሻላትም ነበር። የምትማረው የልብ ሕመም ይዘው የሚወለዱ ሕፃናትን ለመንከባከብ ነው። የኦንላይን ተማሪ ልምምዱን በሚሠራበት ሆስፒታል ያደርጋል፤ እሷ የምትሠራበት ደግሞ እንዲህ ያለ ክፍል ጭራሽ የለውም። ባለፈው ወር አንዲት ጨቅላ ከንፈሯ ጠቁሮ እሷ እጅ ላይ ስትዝለፈለፍ፣ የምታደርገው ጠፍቷት ሐኪም ፍለጋ ሮጣለች። ጨቅላዋ ተረፈች፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ይህንን ለአባቷ እያለቀሰች ነግራዋለች።

አባቷ ጡረታ እስኪወጣ መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው ነው።

«እኔ በስልክ መንዳት ያስተማርኩት ሰው አለ?» አለ፣ አንደበቱ ገና እየተሳሰረ።

«ኧረ አባዬ፣ ይሄ ሌላ ነው!»

«ምኑ ነው ሌላ? በኔ ወንበር በኩል ፍሬን ያስገጠምኩት ለጌጥ መሰለሽ? ተማሪው ሲደናገጥ እንድይዝለት ነው። አንቺስ ስትደነግጪ ማን ይይዝልሽ?»

ምላጩን ውሃ ውስጥ አለቀለቀች። «አንተንስ ማን ያይልኛል?»

«ወንድምሽ አለ አይደል።»

«እሱማ! ትናንት በታመመው እጅህ መጀመር ሲገባው ጤነኛውን አስቀድሞ አልብሶ፣ ሸሚዙ አንገትህ ላይ ቀርቶ አልነበር?»

«ይማራላ። እሱ እንኳ በአካል ነው የሚማረው።»

ሁለቱም ሳቁ። የሳሙናው አረፋ አፉ ውስጥ ገባና በፎጣ ጠረገችለት።

«በይ ስልክሽን አምጪ። እያየሁ ላኪ።»

«በአካል» የሚለውን መረጠች። ጣቷ ግን ወደ መላኪያው አልሄድ አላት።

«እውነቱን ንገረኝ አባዬ። አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ። እንዴት አልፈራም?» ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ላኪው የኔ ልጅ።»

ላከችው። አባቷ በደህናው እጁ እጅጌዋን ጨብጦ ያዘ። የሥራ ሰዓቷ ደርሷል። ልቀቀኝ ማለት ግን አልሆነላትም፤ በርጩማውን በእግሯ ሳበችና አጠገቡ ተቀመጠች።