የተሰፋው ኪስ

ይዘንጋሽ አንዴ ያመነችበትን ነገር የሚያስጥላት ሰው አልተፈጠረም። ሞላሌ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ባሏን ክንፈን ስኳር በሽታ ይዞታል ሲባል ደግሞ አንድ ነገር አመነች፤ እኔ ከጠበቅሁት አይሞትም አለች። ጠበቀችው። ወይ ጉድ፣ እንዴት አድርጋ ጠበቀችው!

በእርግጥ ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ አልነበረም። የክንፈ ታላቅ ወንድም በዚሁ በሽታ መጀመሪያ ጣቱን፣ ቀጥሎ እግሩን ተቆርጦ፣ በመጨረሻም ዓይኑ ጠፍቶ ሲሞት ያስታመመችው እሷ ናት። የቁስሉ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዋ አልወጣም። ክንፈ ደግሞ ባና ሠሪ ነው፤ እሷ የፈተለችውን የበግ ጠጉር እሱ የብርድ ልብስ አድርጎ እየሸመነ ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ኖረዋል። ዓይኑና እግሩ ከሄዱ ምን ይቀረዋል? አንድ ልጃቸው ደብረ ብርሃን ገብታለች፤ እሱ ከሄደስ እሷ ከማን ጋር ትቀራለች?

የጤና ጣቢያው ነርስ እሱባለው ኪኒኑን ሲያስጀምረው፣ «ጮማና ቅቤ ይቀንሱ፣ እንጀራውንም በልክ ይብሉ፣ ኪኒኑን ግን ምግብ ሳይበሉ እንዳይወስዱ» ብሎ ነበር። ይዘንጋሽ ከዚህ ሁሉ ጮማና ቅቤ የሚለውን ብቻ ይዛ ወጣች። በዚያው ቀን የቅቤውን ቅል ለጎረቤት ሰጠች። ሥጋ ሲገዛም ስቡን በቢላዋ ፍቃ ፍቃ ለውሻ ትጥለዋለች።

ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ኖሩ፤ ክንፈም ደህና ነበር። ከዚያ ለፋሲካ ልጃቸው ፍሬሕይወት ከደብረ ብርሃን መጣች። ያችን ድብልብል ልጅ ማን ይወቃት! ቀጥናለች፣ ጉንጯ ጎድጉዷል፣ በእጇ ያለው ስልክ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም። የዶሮ ወጡ ያለ ቅቤ ሲቀርብ አይታ ጮኸች።

«እማዬ፣ ቅቤው ምን አደረገሽ? ጠላቱ እኮ እህሉ ነው! ገብሱ፣ በሶው፣ እንጀራው፣ ሁሉም ሆድ ገብቶ ስኳር ነው የሚሆነው። እኔ እህል ትቼ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፣ እስቲ እዪኝ!»

«አንቺ ቀነስሽ፣ እሰይ። አባትሽን ግን በጮማ ደም ሥሩን ልትደፍኚው ነው? እሱባለው በገዛ አፉ ነግሮኛል!»

«እሱ የተማረው የድሮውን ነው።»

«ያንቺ የስልክ ሐኪምስ አባትሽን የት ያውቀዋል?»

ሁለት ቀን ሙሉ ተነታረኩ። ክንፈ መሐላቸው ተቀምጦ ሰቀቀኑን ዋጠ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሁለቱም የየራሳቸው እውነት ነበራቸው። ቅቤውን ትቶ እህሉን በልክ ቢበላ ያስኬደው ነበር። እህሉን ቀንሶ ቅቤውንና ሥጋውን ቢበላ፣ ኪኒኑንም ባለሙያ ቢያስተካክልለት፣ እሱም ያስኬደው ነበር። ጉዱ የመጣው በእርቁ ነው። በሦስተኛው ቀን ፍሬሕይወት የእናቷን ጉልበት ስማ፣ «እሺ እማዬ፣ አንቺ ቅባቱን ከልክዪ፣ እኔ እህሉን ልከልክል» አለች። ይዘንጋሽም የልጇ እንባ አንጀቷን በላውና እሺ አለች። ከዚህ ወዲያ ለሰውየው ምን እንደተረፈለት ማንም አላሰበም።

ቀቅለው ያቀረቡለትን ጎመንና አስኳሉ የወጣለትን እንቁላል አየና ክንፈ ሳቀ። «እኔን ከበጎቹ ጋር ልታሰማሩኝ ነው?»

«ዝም ብለው ይብሉ አባባ፣ ገና አንድ መቶ ዓመት ይኖራሉ» አለች ልጁ። ደብረ ብርሃን ስትመለስም አልተወቻቸውም። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በስልኩ ምስል ትደውልና፣ «ሳህኑን አሳዩኝ!» ትላለች። ይዘንጋሽ ስልኩን ወደ ሳህኑ ታዞራለች፤ ጎመን። ኪኒኑንማ አንድ ቀን አላሳለፈችም፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ፣ በገዛ እጇ መዳፉ ላይ ታስቀምጥለታለች።

አንድ ወር ሳይሞላ ክንፈ ቀበቶው ላይ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳ። ያየው ሁሉ «እንዴት አማረብህ!» ይለዋል። ይዘንጋሽ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። የቀጠሮው ቀን ደርሶ ነበር፤ «ድነህ የለ እንዴ፣ ኪኒኑ ሲያልቅ ትሄዳለህ» ብላ አስቀረችው።

ግን ሌላም ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት ብርድ እያለ ሸሚዙ በላብ ይርሳል። የሽመና መወርወሪያው ከእጁ ይወድቃል። ሠላሳ አራት ዓመት ክፉ ቃል ያልወጣው ሰው አንድ ቀን፣ «ከፊቴ ጥፊ!» ብሎ ጮኸባት፤ ወዲያው ደግሞ ያለውን ረስቶ፣ «ምነው አኮረፍሽ?» አላት። የሠራው ባና ጠርዙ ተጣመመ። ይዘንጋሽ ጠርዙን በጣቷ ዳበሰችው። ላቡን ግን በሽታው እየወጣ ነው ብላ ተረጎመችው።

«ይዘንጋሽ፣ ስኳር አምሮኛል» አላት አንድ ቀን እንደ ልጅ። «እንዲያው አንድ ማንኪያ።»

ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። እሱ አይደለም የሚለምነኝ፣ በሽታው ነው ምግቡን የሚጠይቀኝ አለች ለራሷ።

በማግስቱ ኮቱን ስታራግፍ ከኪሱ ሦስት ከረሜላ ወደቀ። ደሟ ፈላ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱባለው ነው ያዘዘኝ። የዛሬ ስድስት ወር ብቻዬን የሄድኩ ቀን። ካንቀጠቀጠዎት ቶሎ አንዱን ይምጠጡ ብሎኛል።»

«አንተ ሰውዬ! ለስኳር በሽተኛ ከረሜላ የሚያዝ ነርስ የት አገር አለ? ውሸት እንኳ አታውቅበትም!»

ክንፈ ወደ ሥራው ተመለሰ። መከራከር አይሆንለትም። ይዘንጋሽ ከረሜላውን እሳት ውስጥ ጣለችው። ከዚያ መርፌዋን አውጥታ፣ ለባና የፈተለችውን ወፍራም ክር ሰክታ፣ የኮቱን ሁለት ኪስ ግጥም አድርጋ ሰፋችው። ይህም አላረካትም። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና መጀመሪያ ምሥራቅ የምትባለው ሴት ሻይ ቤት ገባች፤ ቀጥሎ ከቆላው መጥታ ሃያ ዓመት እዚያው የነገደችው ኡምሰልማ ሱቅ ሄደች።

«እህቴ፣ ክንፈ ስኳር ቢልሽ፣ ከረሜላ ቢልሽ፣ እግርሽ ላይ ወድቆ ቢለምንሽ እንዳትሰጪው። ገደልሽው ማለት ነው።»

ኡምሰልማ ደረቷን መታች። «ወላሂ አልሰጣቸውም፣ እትዬ ይዘንጋሽ። እኔ በሕይወት እያለሁ!»

የገበያው ቀን ክንፈ ሁለቱን ኪኒን ውጦ፣ ጎመኑን ሁለት ጊዜ ጎርሶ ተወው። ባናውን ተሸክሞ ወጣ። እሷ ጠጉር ልትገዛ ወደ በግ ተራ ሄደች። ስድስት ሰዓት ሲሆን አንድ የምታውቀው ሰው እየሳቀ አለፋት። «ክንፈ ዛሬ ምን ቀምሶ ነው? ቅድም መንገዱ ጠቦት ነበር እኮ!»

ክንፈ ጠላ እንኳ አይቀምስም። ይዘንጋሽ አፈረች፣ ተናደደች፣ ፈራችም። ምሥራቅ ሻይ ቤት ሮጠች።

«መጥተው ነበር» አለች ምሥራቅ የተሰበረ ብርጭቆ እያሳየቻት። «ሻይ በአምስት ማንኪያ ስኳር አድርጊልኝ አሉ። ያለ ስኳር ስሰጣቸው ወረወሩት። እሳቸው እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አላስብም ነበር።»

ይዘንጋሽ ወደ ኡምሰልማ ሱቅ ሮጠች። ኡምሰልማ ገና ከሩቅ አይታት በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ፊቷ ላይ ኩራትም ኀዘንም ነበረበት።

«እትዬ ይዘንጋሽ፣ ዛሬስ ልቤን አወለቁት! ሦስት ጊዜ መጡ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ላቡ ዓይናቸው ውስጥ እየገባ፣ አንድ ከረሜላ ብቻ አሉኝ። አለቀሱ እኮ፣ አንድ ትልቅ ሰው! ግን ቃሌን ጠበቅሁ። አልሰጠኋቸውም።»

«የት ነው ያለው?»

«ከጓሮ ጥላው ሥር ተኝተዋል። ይረፉ ብዬ በገዛ ባናቸው አለበስኳቸው። ሁለት ሰዓት ይሆናቸዋል።»

ባናውን ገለጠችው። ክንፈ በጎኑ ተጋድሟል፤ ልብሱ በላብ ረጥቧል፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ዓይኑ በከፊል ተገልጦ ምንም አያይም። ስሙን ጠራችው። ትከሻውን ያዘች፣ ነቀነቀችው፣ ጮኸች። ገበያው ግር ብሎ መጣ።

እሱባለው ቦርሳውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ። ጣቱን ወግቶ መለካ፤ መሣሪያውን አየና ፊቱ ተለዋወጠ። «ሃያ ሁለት! ስኳራቸው አልቋል እኮ! ኪኒኑን እየዋጡ ምን ሲበሉ ነው የከረሙት?»

ኡምሰልማ ከሱቋ ስኳር በሁለት እጇ ዘግና፣ እያፈሰሰች መጣች።

«አሁን በአፍ አይሆንም፣ ያንቃቸዋል» አለ እሱባለው የክንዱን ደም ሥር እየፈለገ። «ከሁለት ሰዓት በፊት ቢሆን ይሄ በቂ ነበር። ከረሜላ ከኪስዎ አይጥፋ ብያቸው ነበር፤ አልያዙም?»

እጁን ወደ ኮቱ ኪስ ሰደደ። ጣቶቹ አልገቡም። ጎንበስ ብሎ አየው። ወፍራሙ ክር እንዳለ ነው፤ የኪሱ አፍ ዙሪያ ግን በጥፍር ተቧጭሯል፣ ጨርቁም ተተልትሏል። ክንፈ ሊከፍተው ታግሏል።

«ማነው የሰፋው?» አለ እሱባለው።

ይዘንጋሽ ኮቱን ከላዩ ላይ አወለቀችው።

ጤና ጣቢያ ወሰዱት። ስኳሩ በቀጭን ቱቦ ወደ ክንዱ ሲገባ ሰዓቱ ሄደ፤ አንዱ ከረጢት አልቆ ሌላው ተተካ። መሣሪያው ጥሩ ቁጥር ማሳየት ጀመረ። ክንፈ ግን አልነቃም። እሱባለው የዓይኑን ሽፋን ገልጦ በባትሪ አየና፣ «ብዙ ቆይተዋል» አለ ወደ እሷ ሳያይ። «ደብረ ብርሃን እንውሰዳቸው። መኪና ጠርቻለሁ።»

ይዘንጋሽ ከአልጋው ሥር ተቀምጣ ኮቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስፌቱን በጥርሷ ትበጥሳለች። ጥብቅ አድርጋ ነበር የሰፋችው፤ ከንፈሯ ደማ። አንዱን ኪስ ጨርሳ ሁለተኛውን ስትይዝ ስልኳ ጮኸ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።

«እማዬ!» አለች ፍሬሕይወት ከምስሉ ውስጥ እየሳቀች። «በሉ እስቲ፣ የዛሬውን ሳህን አሳዩኝ!»

ይዘንጋሽ ስልኩን ወደ ክንፈ ፊት አዞረችው።