የተስተካከለው ሶል

ልብስ ሰፊዋ ስትቆጣ ሠፈር ያውቃል። ያን ቀን ግን ሠፈሩ ተርፎ የሐኪሙ ክፍል ተረኛ ሆነ።

ጉዳዩ የልጇ እግር ነው። ልጅቷ ስትወለድ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ ቆልማማ ነበር። በየሳምንቱ ጀሶ እየታሰረላት ተቃና። ከዚያም አራት ዓመት እስኪሞላት ድረስ፣ ስትተኛ፣ ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘበትን ማሰሪያ እንድታደርግ ታዘዘ። አሁን ሦስት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ መቀመጥ ስለማታውቅ ፌንጣ ይሏታል። ሰሞኑን ግን ስትሮጥ እግሯ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ይጥላታል።

ሐኪሙ እግሯን አገላብጦ አየና ጫማዋን አነሳ። «ያገረሸ ይመስላል። ግን እንዲህ ሲሆን ሶሉ በውጭ በኩል ያልቃል። ይሄኛው ደህና ነው። አዲስ ጫማ ነው?»

«ኧረ ዓመት ሊሞላው ነው» አለች እናት። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ባሏ ዞረች። ባሏ ጫማ ሰፊ ነው።

ጫማ ሰፊው አንገቱን ደፋ። «ባለቀ ቁጥር ጎማ እየለጠፍኩ አስተካክለው ነበር።»

«ምን አልክ አንተ?»

«ያለቀ ሶል እያየሁ እጄ አያርፍም። ደግሞ ከፍ ሳደርግላት ቀጥ ብላ ትረግጣለች ብዬ…»

ደሟ ፈላ። «የልጄን እግር እንደ ደንበኛ ጫማ ለጥፈህ ደበቅክብኝ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ጆሮህንም ለጥፈኸዋል?» ኮሪደር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ሐኪሙ ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«ቁጣው ይቆየን፤ የምንወስነው ነገር አለ» አለ። «ማሰሪያውን ሁልጊዜ እያደረገች ካገረሸባት፣ ጀሶ ብቻውን ላይበቃት ይችላል። ጅማቷን በቀዶ ጥገና ማዛወር ማሰብ አለብን። ሳታደርግ ቀርታ ከሆነ ግን ጀሶውን እንደገና እናስርና ማሰሪያውን እንቀጥላለን። ታደርግ ነበር?»

«አዎ» አለች እናት፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «አንድም ቀን አላለፋት።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ማሰሪያውን የሚያስርላት አባቷ ነው። ልጅቷ ስታለቅስ እናት አንጀቷ አልችል እያለ ትፈታላታለች፤ ጠዋት እሱ ሳይነሳ መልሳ ታስረዋለች። እንዲህ ከሆነ አራት ወር አልፏል።

ሐኪሙ ለቀዶ ጥገና ሐኪም ደብዳቤ መጻፍ ጀመረ። እናት ባሏን አየችው፤ መሬት መሬት ያያል። ብዕሩ ሁለተኛው መስመር ላይ ደረሰ። የልጇን እግር በቢላ ሊቀድዱት ነው፣ በእሷ ውሸት። በራሷ ተናደደች፣ በብዕሩም ተናደደች።

«ይተዉት!» ብላ ጮኸች። «አላደረገችም! እኔ ነኝ የምፈታላት፣ አራት ወር ሙሉ! ይኸው፣ ደስ አላችሁ?»

ሐኪሙ ወረቀቱን ቀደደ። «ደግ አደረጉ። እንግዲያው በጀሶ እንጀምር። ዛሬ ይታሰር?»

«ዛሬ፣ አሁኑኑ ይታሰር።»

ሐኪሙ ጀሶውን ሊነክር ወደ ውሃው ሄደ። ያኔ ጫማ ሰፊው በዝግታ ተናገረ። «አውቅ ነበር። እኔ የማሰሪያውን ጠፍር ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ አስራለሁ፤ ጠዋት ሁለተኛው ላይ አገኘዋለሁ።»

«አውቀህ ነው ዝም ያልከው? የልጅህ እግር ሲጣመም እያየህ? ለምን?»

«ፈርቼሽ።»

«እኔን? እኔ ምን አደርግሃለሁ!» ድምጿ ክፍሉን ሞላው።

ጫማ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ፣ ትከሻውንም ወደ ጆሮው ሰበሰበ። አልጋው ላይ የተቀመጠችው ፌንጣም ልክ እንደ አባቷ ዓይኗን ጨፍና፣ ትከሻዋን ሰብስባ ጠበቀች። ጀሶው ገና እግሯን አልነካውም ነበር።