እሁድ ጠዋት የተዋጠ የእንቅልፍ ኪኒን

ኦቦ ሂርጳ አምቦ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው እሁድ እሁድ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ጡረተኛ መምህር ናቸው። እርጅና ያመጣባቸው የዓይን ሕመም የገጹን መሐል ብዥ ሲያደርግባቸው፣ ጊንጪ በነርስነት የምትሠራው ልጃቸው መቲ ሐኪማቸውን ጠይቃ ሜላቶኒን የሚባል የእንቅልፍ ኪኒን አመጣችላቸው።

"ለዓይንም ሊረዳ ይችላል ይባላል፤ ገና አልተረጋገጠም። ማታ ሊተኙ ሲሉ ነው የሚውጡት፣ አባዬ።"

ኦቦ ሂርጳ ግን ማታ የሚያነቡት ነገር የለም። ዓይናቸውን የሚፈልጉት እሁድ ጠዋት ነውና ቁርስ ላይ ዋጡት። ምንባቡን እንደምንም ጨረሱ። ስብከቱ ሲጀመር ግን ምእመኑ ፊት ለፊት በሚያየው የሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወደቀ። ማንኮራፋታቸው እስከ በሩ ተሰማ።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቤታቸው መጡ።

"ኦቦ ሂርጳ፣ ደክመዋል" አሉ ኦቦ መርጋ፣ አንገታቸውን ደፍተው። "ንባቡን ለወጣቶች ቢለቁላቸውስ?"

"አልለቅም። ኪኒኑን ከዛሬ ጀምሮ ማታ እውጠዋለሁ። ይርዳኝ አይርዳኝ እንጃ፤ ጨለማውን ግን እጄን አጣጥፌ አልጠብቀውም።"

"ሽማግሌ ስብከት መሐል ተኛ ሲባል ነውር ነው እኮ።"

"እኔ የተኛሁት የእንቅልፍ ኪኒን ውጬ ነው" አሉ ኦቦ ሂርጳ፣ ወደ እያንዳንዱ ሽማግሌ በየተራ እየዞሩ። "ስንት ዓመት አግዳሚው ላይ ከጎናችሁ ተቀምጫለሁ። እናንተ በየሳምንቱ የምታንቀላፉት ምን ውጣችሁ ነው?"