የገበያነሽ ዋስ

ገበያነሽን የማያውቅ የደባርቅ ሰው የለም። ሰልባጅ ጃኬት ትሸጣለች፤ ምላሷ የጃኬቱ ምርቃት ነው ይባላል። የተከራከራት ሁሉ መጨረሻ ላይ ገዝቶ ይሄዳል፤ ቆሞ ከመሰደብ ከፍሎ መሄድ ይሻላላ!

ባሏ የሺዋስ ከተፋቱ ወዲህ ዳባት ወርዶ ወፍጮ ቤት ከፈተ። ልጃቸውን ስጦታን ያሳደገቻት እሷው ናት። ዘንድሮ ልጅቱ ዐሥራ አምስት ሲሞላት ግን አባትዬው «ልጄ እኔ ዘንድ መኖር ትፈልጋለች» ብሎ ከሰሰ። ዳኛው መጀመሪያ በሽማግሌ ሞክሩት ብለው መለሷቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀመጡ።

«የሺዋስ ያለውን ሰማሽ?» አሉ ሰብሳቢው ጋሽ ደምለው።

«የገዛ ምኞቱን በልጄ አፍ ሲያወራ ሰማሁት። ጠርታችሁ እሷኑ ጠይቋታ! ከእኔ ወዴት ትሄዳለች? ዱቄት ልትቅም?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። የሺዋስ አንገቱን ደፍቶ መሬቱን በጫማው ጫረ።

«እንግዲያስ ልጅቱ ያለችው ይጽና። ሁለታችሁም ዋስ ጥሩ» አሉ ጋሽ ደምለው።

እዚህ ላይ ነው ገበያነሽ የተሳሳተችው። ሌላው ሰው ጎረቤቱን ይጠራል፤ ኋላ ነገሩ ቢጠም ጎረቤት ይለመናል፣ ይታረቃል። እሷ ግን የሺዋስን ጨርሳ ልታሳፍረው ፈልጋ የንስሐ አባቷን አባ ገብረ ኪዳንን ጠራች። የንስሐ አባቱን ዋስ ጠርቶ ቃሉን ያጠፈ ሰው ደግሞ በዚያ አገር እስከ ልጅ ልጁ ይወራበታል።

«አስበሽበታል ልጄ?» አሏት አባ።

«አባቴ፣ የወለድኳትን አላውቃትም እንዴ?»

ስጦታ ተጠርታ መጣች፤ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ቆመች።

«አትፍሪ፣ ከማን ጋር መኖር ትወጃለሽ?» አሏት ጋሽ ደምለው።

«ከአባቴ ጋር።»

«ምን ሰጥቶሽ ነው?» አለች ገበያነሽ ፈጥና። «ስልክ ገዛልሽ?»

«ምንም አልሰጠኝም። እሱ ቤት ጸጥ ይላል።»

«ወፍጮ ቤት ነው ጸጥ የሚለው? ኧረ ሰው አይሳቅብሽ!»

«ወፍጮው ማታ ማታ ይቆማል፣ እማዬ።»

ማንም አልሳቀም። ልጅቱ ይህን ያለችው በክፋት አልነበረም፤ በክፋት ቢሆንማ ገበያነሽ መልስ መች ያጥራታል! የተናገረችው ቀኑን ሙሉ ሸክም ተሸክሞ እንደዋለ ሰው ሆና ነው። ገበያነሽ አፏን ከፈተች። የመጣላት ቃል ሁሉ የቢላ ስለት ነበረው፤ አንዱን ብታወጣው ለልጅቱ ምስክር መሆኗ ነው። መልሳ ዘጋችው።

በማግስቱ ጠዋት ከአባ ገብረ ኪዳን ደጅ ደረሰች። በመንገዷ የሺዋስን ሰድባ፣ ሽማግሌዎቹን ሰድባ፣ የዳባትን ወፍጮዎች በሙሉ ሰድባ ጨርሳ ነበር።

«አባቴ፣ ዋስነቱን ይተዉልኝ። ይማሩኝ፣ ተናድጄ ነው የጠራሁዎት።»

«አልተናደድሽም ነበር፤ እርግጠኛ ነበርሽ» አሉ አባ በዝግታ። «ለእኔ ስትይ ከሆነ የተጨነቅሽው፣ ይኸው ተውኩልሽ። እኔም ሽማግሌ ነኝ፣ ቢወራብኝ አልሞትም። ግን እኔ ብተውልሽ፣ ስጦታስ ያለችውን ትተውልሻለች?»

ልትሰድበው የምትችለው ሰው አልተረፈም። መስቀል ተሳልማ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ስጦታ አልጋው ላይ ልብሷን ታጣጥፋለች። ገበያነሽ የበሩን መቃን ይዛ ጥቂት አየቻት።

«ልርዳሽ?» አለች።

ልጅቱ እጇን ገታ አድርጋ ቀና አለች። ከዚህ ቃል በኋላ ሁልጊዜ የሚከተለውን ስድብ ነበር የምትጠብቀው። ምንም አልተከተለም።

«ጨርሻለሁ» አለች ስጦታ።