የኦቦ ሆርዶፋ ፍሪሲዮን

አምቦ ውስጥ እጁን ታጥቦ መኪና የሚነካ መካኒክ ደግፌ ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚታጠቡት ለምሳ ነው፤ እሱም ምሳ ከተገኘ። የደግፌ ጋራዥ ጠዋት ማታ ይጠረጋል፣ መፍቻዎቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ግድግዳው ላይ ይሰቀላሉ። ዕቃ ደግሞ፣ አሮጌም ይሁን ገና ከካርቶን የወጣ፣ ናፍጣ በሞላበት ሳፋ ውስጥ ሳያድር አይገጠምም። "ዕቃ እንደ ሕፃን ነው፤ ሳይታጠብ አይታቀፍም" ይላል። ይህን ያስተማረው ጌታው ሀብተሥላሴ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ደግፌ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህች ትእዛዝ ዝንፍ ብሎ አያውቅም።

እንግዲህ ይህን የመሰለ ንጹሕ ሰው ነው በ2011 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ መኪና ጉድ የሠራችው።

መኪናዋ የኦቦ ሆርዶፋ ናት። ኦቦ ሆርዶፋ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ የአምቦ ሰው ግማሹ ተማሪያቸው ነበር፣ ግማሹ ደግሞ በእሳቸው ትምህርት የወደቀ ነው። ደርግ የመጣ ሰሞን አንድ ፈረንጅ የእርሻ ባለሙያ ለመሄድ ሲጣደፍ፣ ይህችን ቀይ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና በአንድ አልጋና በሁለት ወንበር ዋጋ ሸጦላቸው ሄደ። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች። ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ ይታጠፋል። ከመሬት እምብዛም ከፍ ስለማትል የጋሪ ፈረስ እንኳ ቁልቁል ነው የሚያያት።

ችግሯ ፍሪሲዮኗ ነው። ፍሪሲዮን ሲረገጥ አንዲት ትንሽ ፖምፓ ዘይቱን ገፍታ ትልካለች፣ ያኔ ማርሽ ይገባል። ዘይቱን የምትይዘው ፖምፓዋ ውስጥ ያለች፣ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ ጎማ ናት፤ መካኒኮች ጎሚኒ ይሏታል። ጎሚኒ ከተቀደደች ዘይቱ ይፈስሳል፣ ፔዳሉ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቀራል፣ ኦቦ ሆርዶፋም በደረሱበት ይቀራሉ።

መጀመሪያ ጉደር ላይ ቀሩ። ደግፌ ከሽታዬ መለዋወጫ ሱቅ አዲስ ጎሚኒ ገዛ፣ አጠበ፣ ገጠመ። በአሥራ አራተኛው ቀን ጊንጪ ላይ ቀሩ። ሌላ ገዛ፣ አጠበ፣ ገጠመ። አዲስ ዓለም ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ ቀሩ፤ ግማሹ ለቀስተኛ ሬሳ ተሸክሞ፣ ግማሹ መኪና እየገፋ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ።

"ዕቃው ነው ኦቦ ሆርዶፋ" አለ ደግፌ። "ዛሬ ዛሬ የሚመጣው ሁሉ ፎርጅድ ነው። ልኩ አይደለም፣ ሲገባ ይጠብቃል። ድሮ ጎሚኒ እንዲህ ነበር እንዴ?"

ኦቦ ሆርዶፋ ከራሱ ከእንግሊዝ አገር በሰው በሰው አስመጡ። ካርቶኑ ታሽጎ፣ ማኅተሙ ሳይነካ በሽታዬ ሱቅ በኩል ደረሰ። ደግፌ ከፈተ፣ አጠበ፣ ገጠመ። ይኸኛውም ጠበቀው። መኪናዋ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኦቦ ሆርዶፋ ደጃፍ ላይ ቆመች፤ አይ፣ ቢያንስ ቤታቸው ነበሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጁን ይጠረጥር ነበር። ደግፌ ግን እጁ ንጹሕ ስለሆነ አልጠረጠረውም። የጠረጠረው ሽታዬን ነው። ቅዳሜ ገበያ ሰው ጢም ባለበት ሱቋ በር ላይ ቆሞ፣ "ኦርጅናሉን ሰርቃ በፎርጅድ ቀይራዋለች! ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" ብሎ ጮኸ። ሽታዬ ሚዛን ላይ ምስማር እየመዘነች ነበር። ምስማሩን ጨርሳ መዘነችና ለገዢው ሰጠች። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ሱቋ ምስማር የሚገዛም ጠፋ። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ልጆች ያሳደገችበት ሱቅ ነው። አልቅሳ ሽማግሌ ላከችበት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ሲሆኑ መሪያቸው ኦቦ ኦሊቃ ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ሽንትና ሰገራ ሲመረምሩ የኖሩ፣ ምራቃቸውን የዋጡ ሰው። ፍርዱን አስቀድመው ተናገሩ። ሽታዬ ቀይራ ከተገኘች ሱቋን ትዘጋለች። ጥፋቱ የደግፌ ከሆነ፣ በሰደበባት ቦታ፣ በዚያው በቅዳሜ ገበያ ቆሞ "ያበላሸሁት እኔ ነኝ" ይላል።

"እስማማለሁ" አለ ደግፌ። አፉ ነው እንጂ ሆዱስ አልተስማማም። የመካኒክ ሀብቱ ስሙ ነው፤ እሱን ገበያ ላይ ጥሎ በማግስቱ ማን መኪናውን ያመጣለታል? ግን ደግሞ ምን ያስፈራዋል፣ ጥፋቱ የሷ አይደል?

"ሰው ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ" አሉ ኦቦ ኦሊቃ። "ብርጭቆ ሲዋሽ ግን አላየሁም። ሥራህን እስቲ እኛ ፊት ሥራ።"

ሽታዬ ከአንድ ካርቶን ሁለት ጎሚኒ አቀረበች። ደግፌ እጁን ታጠበ፤ አንደኛዋን ከላስቲኳ አወጣና ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ሳፋው ውስጥ ጣል አደረጋት።

"ምን አደረግህ?" አሉ ኦቦ ኦሊቃ።

"አጠብኩ።"

"ከምን?"

ደግፌ አሰበ። "ከቆሻሻ" አለ።

"ላስቲኩን አሁን አይደል የቀደድከው?"

"ኦቦ ኦሊቃ፣ ይሄ ሕግ ነው። ብረትም ይሁን ጎማ ሳይታጠብ አይገጠምም። ጌታዬም እንዲሁ ነበር የሚሠራው።"

ኦቦ ኦሊቃ ሁለት የሻይ ብርጭቆ አስመጡ። አንዱ ውስጥ ናፍጣ፣ ሌላው ውስጥ ፖምፓዋ የምትገፋውን የፍሬን ዘይት አስቀዱ፤ የታጠበችውን ጎሚኒ ናፍጣው ውስጥ፣ ያልታጠበችውን ዘይቱ ውስጥ ጨመሩ፤ የሥራ ልማድ አይለቅምና ስምና ቀን ጽፈው ለጠፉባቸው። ኦቦ ሆርዶፋ ቁም ሣጥናቸው ውስጥ ቆለፉባቸው። ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ።

እነዚያ ቀናት ለደግፌ አልገፋ አሉት። ጎረቤቱ መካኒክ ፍሮምሳ ጎሚኒ የሚገጥመው በምራቁ አርሶ ነው። ሱሪው ላይ ይጠርጋትና እንትፍ ብሎ ይሰካታል፣ አበቃ። ታዲያ የፍሮምሳ ደንበኞች ተመልሰው አይመጡም። ደግፌ ስንት ዓመት ሙሉ ምክንያቱን ያውቀው ነበር፦ ጠልተውት ነው። ረቡዕ ከሰዓት ግን፣ አንድ የፍሮምሳ ደንበኛ ጥሩምባ እየነፋና እየሳቀ ሰላም ብሎት ሲያልፍ ተመልክቶ፣ ዘወር ብሎ ሳፋውን አየው።

ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኦቦ ኦሊቃ በመቆንጠጫ መጀመሪያ ከፍሬን ዘይቱ አወጡ። ጎሚኒዋ እንደነበረች ናት፤ ፖምፓው ውስጥ ሲያስገቧት ሳታንገራግር ገባች። ቀጥሎ ከናፍጣው አወጡ። ይህቺኛዋ ውሃ የጠጣ ባቄላ መስላ አብጣለች። ፖምፓው አፍ ላይ ቢያስጠጓት አልገባ አለች። ለደግፌ አቀበሉትና "እንደምትገጥመው አድርገህ ግጠም" አሉት። ደግፌ በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደገፋው። ገባች። መልሶ ሲያወጣት ከንፈሯ ተሰንጥቋል።

ሽታዬ ጎሚኒዋን አላየችም፤ የምታየው እሱን ነበር።

"ስንቱን ‘ፎርጅድ ነው’ ብለህ መለስክልኝ፣ ደግፌ?" አለች። "እኔም አምኜህ ከስንት አስመጪ ተጣላሁ?"

ደግፌ አፈረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ግን ሰው ነውና፣ እፍረቱ መሀል አንዲት ሐሳብ ሹልክ ብላ መጣችለት፦ ቅዳሜ ታምሜያለሁ ብልስ? ሽማግሌዎቹ ደግ ናቸው፣ ነገሩ እዚሁ በስድስት ሰው መሀል ቢቀርስ?

ኦቦ ኦሊቃ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ "እንግዲህ ደግፌ፣ በቃልህ መሠረት..." ብለው ሲጀምሩ፣ እስካሁን ዝም ብለው የነበሩት ኦቦ ሆርዶፋ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ አስተማሪ ጣታቸውን አነሱ።

"ቆይ እስቲ። የፍሬኑንም ጎሚኒ እንዲሁ ታጥባለህ?"

ደግፌ ሰኞ ዕለት የጂራን ሚኒባስ ፍሬን ሠርቷል። ጂራ አምቦ ጌዶ መስመር ላይ የሚሠራ ሾፌር ነው። ወዳጁም ስለሆነ ጎሚኒውን አንድ ሌሊት ብቻ ሳይሆን ሁለት ሌሊት አሳድሮለታል።

ሽማግሌ እየተናገረ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው፤ በዚያ አገር ከዚያ የከፋ ነውርም የለም። ደግፌ ተነስቶ ሮጠ።

"ሸሸ!" አለ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

መናኸሪያው ሲደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ፣ ጣሪያው ላይ ጆንያ ተጭኖ፣ ከበሩ እየወጣ ነው። ደግፌ እጁን ዘርግቶ ፊቱ ቆመ። ጂራ ፍሬን ያዘ። መኪናው ቀጥ አለ።

"አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?"

"ሞተር አጥፋ። ፍሬንህ ብልሽት ነው።"

"ብልሽት?" ጂራ ሳቀ። "አሁን አልያዘም እንዴ? እንዲያውም አንተ ከሠራኸው ወዲህ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል! ለሾፌሮቹ ሁሉ እያወራሁልህ ነው።"

"መጀመሪያ ይጠጥራል" አለ ደግፌ። "ጎሚኒው ሲያብጥ ይጠጥራል፤ ከዚያ ይቀደዳል። ከጉደር በላይ ቁልቁለቱ ላይ ቢቀደድስ? ሰዎቹን አውርዳቸው፣ እባክህ።"

ተሳፋሪው ተንጫጫ። ገበያ የሚያልፍበት አለ፣ በሽተኛ የሚጠይቅ አለ፣ ዝም ብሎ መንጫጫት የሚወድም አለ። ከፊት ወንበር አንድ ሰው በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

"ያቺ ሌባ የሸጠችው ዕቃ ነው አይደል? ሽታዬ! ቅዳሜ ስትናገር ሰምቼሃለሁ እኮ!"

"እሷ ናት!" አለ ሌላው። "ፎርጅድ እየሸጠች ልትፈጀን ነው! እንውረድ በሉ!"

ሰው ሁሉ ለመውረድ ተነሳ። ደግፌ ጭንቅላቱን ቢነቀንቅ በቂ ነበር። ቃል እንኳ አያስፈልገውም፤ ዝም ቢል ራሱ ይበቃ ነበር። ሰዎቹ ይወርዳሉ፣ ማንም አይሞትም፣ ስሙም እንዳለ ይቀመጣል።

"አይደለችም" አለ ደግፌ። ድምፁ አልወጣለትም፤ ደገመው። "አይደለችም! የሷ ዕቃ ደህና ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የዚህንም፣ የኦቦ ሆርዶፋንም፣ ስንት ዓመት ያመጣችሁልኝንም ሁሉ። ሌባ ያልኳትም በውሸት ነው።"

ጂራ የሞተሩን ቁልፍ አዙሮ አጠፋ።

ከመጨረሻው ወንበር ዶሮ የታቀፈች አንዲት ባልቴት፣ አማርኛ የማይገባት፣ "ማል ጄዴ?" ብላ ጠየቀች፤ ምን አለ ማለቷ ነው። ጂራ ሊተረጉምላት ወደ ኋላ ዞረ። ደግፌ እጁን አንስቶ አስቆመው፣ እስከ መስኮቷ ሄደና ፊት ለፊቷ ቆመ።

"አነቱ በሌሴ" አላት። እኔ ነኝ ያበላሸሁት።

ባልቴቷ እላይ እታች አየችውና ዶሮዋን ይዛ ወረደች።